አናቱ ላይ የተጠራው ስም

ከውጫሌ ወደ እኛ መንደር በእግር ሲወጡ መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ይታጠፍና ተራራው በድንገት ፊት ለፊት ይገተራል። የአምባሰል ተራራ እንደ ግድግዳ የተዘረጋ ነው፤ ጀርባው ላይ ሰው ያርሳል፣ ከብት ያሰማራል። ከግድግዳው አንድ ጥግ ላይ ግን ብቻውን ተነጥሎ ወደ ላይ የወጣ ቋጥኝ አለ። እኛ አናቱ እንለዋለን። ሌላ ስም ይኖረው እንደሆነ ካርታ ላይ ፈልጌ አላገኘሁም። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን አናቱ ላይ የቆመ ሰው የሐይቅን ውሃ ያያል፤ ውሃው ከዚያ ሲታይ መሬት ላይ የተነጠፈ ሰማያዊ ሸራ ይመስላል ይባላል። ይባላል የምለው እኔ ወጥቼ ስለማላውቅ ነው። የማውቀው ስለ አወጣጡ የሚነገረውን ታሪክ ነው። እሱን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እየሰማሁ ስላደግሁ ቁርኣን ቤት እንደተማርኩት ሱራ በቃሌ ይዤዋለሁ።

በድሮ ጊዜ አናቱን የሚደፍሩት ማር ቆራጮች ብቻ ነበሩ። ከቋጥኙ ወገብ ላይ ባለው ስንጥቅ የዱር ንብ ይሰፍራል። ማር ቆራጮቹ በጠፍርና በቃጫ ገመድ እየተሳቡ እስከ ወገቡ ይደርሱና ማራቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ከዚያ በላይ የሚያስኬዳቸው ጉዳይ አልነበራቸውም። ከወገቡ በላይ ያለውን ጉሮሮ እንለዋለን፤ ሁለት ድንጋይ የተጠጋጋበት ጠባብ ሰርጥ ነው። ጀርባን በአንዱ፣ እግርን በሌላው ላይ ተክሎ ትንሽ በትንሽ ወደ ላይ እየተገፉ ካልሆነ አይታለፍም። አንድ ሙሽራ በሠርጉ ሰሞን ለጓደኞቹ ፎክሮ ሞክሮት ነበር አሉ። ወደቀ፣ አልሞተም፣ ግን እስኪያረጅ ድረስ አነከሰ። በደርግ ጊዜ ደግሞ ወታደሮች አናቱ ላይ ሬዲዮ እንተክላለን ብለው ተነሥተው ወገቡ ላይ ውለው ወረዱ። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲያነሡ እስከ ዛሬ ይሥቃሉ፤ ‹‹ጫማው ከብዷቸው ነው›› ይላሉ።

ጉሮሮውን አልፎ አናቱ ላይ የቆመ የመጀመሪያው ሰው አጎቴ ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም። እኛ አገር ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም።

እንዴት እንደሚታወቅ ላስረዳ። በአገራችን ወግ አንድ ሰው ከፍ ያለ ቋጥኝ አናት ላይ ከደረሰ ስሙን ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ታች ያለው ሰው ‹‹ሰማን!›› ብሎ ይመልስለታል። ከዚያ ከፍታ ላይ ሰውየው ራሱ አይታይም፤ የወንድና የሴት ድምፅም አይለይም፤ የሚሰማው ስሙ ብቻ ነው። የተጠራና የተሰማ ስም ደግሞ ምስክር አይጠየቅበትም። ማን ወጣ፣ እንዴት ወጣ የሚል ክርክር በዚያው ያበቃል። አጎቴ በወጣትነቱ፣ ገና ሳያገባ፣ አንድ የገበያ ቀን ‹‹ዛሬ ስሜን ትሰማላችሁ›› ብሎ ታናሽ እህቱን ገመድ እንድትይዝለት አስከትሎ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ስሙ ሦስት ጊዜ ተጠራ። ከገበያ የሚመለሰው ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ‹‹ሰማን!›› አለ። ሲወርድ በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ቤቱ ወሰዱት። ታሪኩ ይኸው ነው።

አባቴ ያረፈው በደንብ ሳላውቀው ነው። እናቴ ከዚያ በኋላ ጂዳ ሄዳ ለብዙ ዓመት በሰው ቤት ሠራች። እኔን ያሳደገኝ አጎቴ ነው። አብዬ እለው ነበር፣ አሁንም እለዋለሁ። ክረምት ወንዙ ሲሞላ በትከሻው አሻግሮ ትምህርት ቤት ያደርሰኝ ነበር። አልተኛም ስል ‹‹አናቱን ላውጣሽ?›› ይለኝና ታሪኩን ይጀምራል። ብዙ ጊዜ ጉሮሮው ሳይደርስ እንቅልፍ ይወስደኛል።

አምና ከአዲስ አበባ ባለ ገመድና ባለ ራስ ቁር ወጣቶች መጡ። አለት መውጣት ስፖርታቸው ነው። በብረት መንጠቆ እየታሰሩ አናቱን ወጡት፣ ቪዲዮውም በየስልኩ ዞረ። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም መምጣት ጀመሩ። ቀበሌው የአስጎብኚዎች ማኅበር ሊያቋቁም ወሰነ። ለምረቃው ቀን አናቱን መጀመሪያ የወጣው ሰው ጋቢ ሊለብስ፣ የማኅበሩም መሪ ሊሆን ተባለ። እኔ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ግማሹን ጨርሼ ለእረፍት መጥቼ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ‹‹አንቺ ተምረሻል፤ የአወጣጡን ታሪክ አሳጥረሽ ጻፊና ታነቢልናለሽ። እንግዶቹም ይፈልጉታል›› አለኝ።

ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ከደስታ ብዛት ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። አጎቴን የሚያኮራ ነገር ለመጻፍ ፈለግሁ። መምህራችን ታሪክ ሲጻፍ ባለቤቱን መጠየቅ ነው ብሎን ስለነበር በቃሌ የማውቀውን ከመጻፍ ይልቅ ሄጄ ጠየቅሁት። ገመድ እየገመደ አገኘሁት።

‹‹አብዬ፣ ከጉሮሮው በኋላ ምን ሆነ?››

‹‹ከጉሮሮው በኋላማ አናቱ ነዋ!››

‹‹አናቱ ላይ ምን አለ?››

‹‹ምን ይኖራል፣ ድንጋይ ነዋ! ሱቅ ያለ መሰለሽ?›› ብሎ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ።

‹‹ሐይቅ ይታያል የሚሉትስ?››

‹‹ይታያል ይላሉ›› አለና ወደ ገመዱ ተመለሰ።

ቤት ስገባ እናቴ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። አብዬ ከጉሮሮው በላይ ያለውን አልነግርሽ አለኝ፣ ጽሑፌ ጎደሎ ሊሆን ነው ብዬ አማረርኩ። እናቴ ዝም ብላ ትለቅማለች። ከጂዳ ከተመለሰች በኋላ ዝምታዋ በዝቷል፤ ስለዚህ ልብ አላልኩትም። አንድ ጠጠር አውጥታ ጣለችና፣ ‹‹ውሃ አለ›› አለች።

‹‹የት?››

‹‹አናቱ ላይ። ድንጋዩ እንደ ገበቴ ጎድጎድ ያለበት ቦታ አለ፤ ዝናብ ያቆረው ውሃ አለበት። ወፎች ይጠጡታል መሰለኝ፣ ላባ ወድቆበታል። በእጄ ዘግኜ ጠጣሁ።››

ሰፌዱን ከእጇ ቀማኋት ማለት ይቻላል። ከዚያ ነገረችኝ። አጎቴ ጉሮሮው ውስጥ ገብቶ ከወገቡ በላይ እንደ ደረሰ እግሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ተመልሶ ወረደና ማር ቆራጮች የሚያርፉበት እርከን ላይ ተቀመጠ። ታች ሰው ቆሞ ይጠብቃል፣ ፎክሯል፣ ልትታጭለት የነበረችው ልጅ አባትም ከገበያተኛው መካከል አለ። አጎቴ አለቀሰ። እናቴ፣ ‹‹እስቲ እኔ ልየው›› ብላ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ጠመጠመች። ቀጭን ነበረች፤ ጉሮሮው ለእሷ አልጠበባትም። ላይ ደርሳ ሐይቅን አየች፣ ውሃውን ጠጣች፣ ከዚያ ስም መጥራት እንዳለባት ትዝ አላት።

‹‹ታዲያ የራስሽን ስም ለምን አልጠራሽም?›› አልኳት።

‹‹የኔን ብጠራ እሱ በየት በኩል ይወርዳል?›› አለችኝ።

የአጎቴን ስም ሦስት ጊዜ ጠራች። ‹‹ሰማን!›› አሉ።

ሰፌዱን መለስኩላት። በኋላ ‹‹እማ፣ ልጻፈው?›› አልኳት። ወዲያው እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሻሿን አስተካክላ፣ ‹‹በሰው ፊት ታነቢዋለሽ?›› ስትል ጠየቀችኝ።

‹‹ካልሽኝ አነበዋለሁ።››

‹‹እንግዲያው ጻፊው። አርጅቻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ስሜ ቢጠራ ምን አለበት!››

‹‹ቢጠይቁሽስ?››

‹‹ወላሂ እመልሳለሁ።››

አጎቴ ከሰው ጋር እኩል እንዲሰማው አልፈለግሁም፤ ቀድሜ ልንገረው አልኳት። ‹‹እሱን ለኔ ተይው፣ ወንድሜ ነው፣ እኔ እነግረዋለሁ›› አለች። በምረቃው ዋዜማ አመሻሽ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ እሱ ቤት ሄደች። ስትመለስ ‹‹ነገርሽው?›› አልኳት። ‹‹ተነጋግረናል›› አለችኝ። ቀለል አለኝ። ጽሑፌን ሌላ አንድ ጊዜ በንጹሕ ገለበጥኩት፤ አጎቴ እንዳይከፋው ብዬም እህቱ የወጣችው እሱ ገመድ ዘርግቶ መንገድ ስለከፈተላት ነው የሚል ዐረፍተ ነገር ጨመርኩ።

ምረቃው ከተራራው ግርጌ ካለው ትልቅ ወይራ ሥር ነበር። የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ ድምፅ ማጉያ ከውጫሌ በባጃጅ መጥቷል። አለት ወጪዎቹ ወጣቶች ከነራስ ቁራቸው ፊት ላይ ተቀምጠዋል። አጎቴ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ አዲስ ኮፍያ አድርጓል። ሳልፍ ጠቀሰኝና፣ ‹‹እንዳታሳፍሪኝ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢ!›› አለኝ። እያወቀ እንዲህ ማለቱ ልቤን ነካው። ምን ዓይነት ትልቅ ሰው ነው አልኩ።

ማር ቆራጮቹን አነበብኩ። ሙሽራውን አነበብኩ። ወታደሮቹ ጋ ስደርስ ሽማግሌዎቹ ሣቁልኝ፣ ድምፄ ተዝናና። ከዚያ ጉሮሮውን አልፎ የመጀመሪያው ሆኖ አናቱ ላይ የቆመው ሰው ሴት እንደሆነች፣ እናቴም እንደሆነች፣ የወንድሟን ስም የጠራችው ስለምትወደው እንደሆነ አነበብኩ።

ቀና ስል ያየሁት የአጎቴን ፊት ነው። አልተነገረውም ነበር። ፊቱ ላይ ያነበብኩት ቁጣ አይደለም፤ ወንዙ ውስጥ እግሩ ድንገት ሲያዳልጠው የሚታይበት ዓይነት ነገር ነው።

 ከዚያ ከኋላ አንዱ፣ ‹‹እናትሽማ የወጣችው ጂዳ ነው!›› ብሎ ጮኸ፣ ሰውም በሣቅ ፈነዳ። ‹‹በሽርጥ ነው የወጣችው በቀሚስ?›› አለ ሌላው። ‹‹ዝም በሉ እስቲ፣ እናንተ አፍ ብቻ!›› ስትል አንዲት ሴት ተቆጣች። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ፣ ያን ቀን መንገድ ላይ ቆመው ‹‹ሰማን!›› ካሉት አንዱ፣ ምርኩዛቸውን አንሥተው ዝም አሰኙና ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

‹‹አንቺ›› አሉ እናቴን፣ ‹‹ልጅሽ የምትለው እውነት ነው?››

እናቴ ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። እኔ ድምፅ ማጉያውን ይዤ ወደ እሷ መሄድ ጀምሬ ነበር፤ የምትናገረው ለሁሉም እንዲሰማ ብዬ። እሷ ግን እኔን አላየችኝም። ወንድሟን ነው ያየችው።

‹‹ልጅ ናት አባባ›› አለች። ‹‹ትንሽ እያለች ለማስተኛት የነገርኳት ተረት ነው። እውነት መስሏት ይዛው አደገች። የወጣው ወንድሜ ነው። ተጠርቷል፣ ተሰምቷል።››

‹‹ሰማን!›› አለ ከኋላ ያ ቀልደኛ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት። ‹‹ሰማን! ሰማን!››

ትንሽ እያለሁ ያስተኛችኝ እናቴ አልነበረችም። ጂዳ ነበረች። እዚያ የተሰበሰበ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ብዙዎቹ ‹‹እናቴ መቼ ትመጣለች›› እያልኩ ስጠይቅ መልስ ያጡ ሰዎች ናቸው። አንድም ሰው አፉን አልከፈተም። ድምፅ ማጉያው እጄ ላይ ነበር፤ እኔም ልናገር እችል ነበር። ግን ያ ቃል የእኔ ቃል ብቻ ነው። ባለቤቷ ከካደችው ምን ብዬ ልከራከር?

ሊቀመንበሩ ማጉያውን ከእጄ ተቀበለኝና፣ ‹‹የዩኒቨርሲቲ ልጆች ምናባቸው ሰፊ ነው፣ እናበረታታቸዋለን፣ እስቲ ጭብጨባ›› አለ። ተጨበጨበ። ለአጎቴ ጋቢ ተደረበለት። ንግግር አድርግ ሲሉት ብዙ አልተናገረም። ‹‹ልጄ ናት፣ አትሣቁባት›› ብቻ አለ። ከሣቁ ሁሉ ይህ ባሰብኝ።

ቤት ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ዘግየት ብላ መጣች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ እንደማንኛውም ቀን ውሃ ቀድታ ጠጣች።

‹‹ነግሬዋለሁ ብለሽኝ ነበር›› አልኳት።

‹‹ተነጋግረናል ነው ያልኩሽ።››

‹‹እማ!››

‹‹ልነግረው ሄጄ ነበር፣ በአላህ። ስገባ ያንን ጀለቢያ ለብሶ ቆሟል። ‹ሸጋ ሆንኩ?› አለኝ። ‹ሸጋ ሆነሃል› አልኩት። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ አፌን ልክፈት?››

‹‹ለእሱ መንገር ካቃተሽ ለእኔ አትነግሪኝም? መጥተሽ አታንብቢው አትይኝም?››

የሰጠችኝ መልስ መልስ አልመሰለኝም። ‹‹እስከ መጨረሻው እላለሁ ብዬ ነበር›› አለች። ‹‹ጠዋት ስነሣ እላለሁ ብዬ ነው የተነሣሁት። ሽማግሌው ሲጠሩኝም እላለሁ ብዬ ነበር። ዓይኑን ሳየው ያ እርከን ላይ የተቀመጠው ልጅ መጣብኝ።››

‹‹እኔንስ አላየሽኝም?››

‹‹አንቺ ትምህርትሽ አለሽ። ትሄጃለሽ። በአንቺ ቢሥቁ ነገ ይረሱታል። በእሱ ቢሥቁ እስኪሞት ነው። ደግሞ እኔ ባልነበርኩ ጊዜ ማን አሳደገሽ?››

ይህን የምታነሣው እሷ መሆኗ ገረመኝ። ያሳደገኝን ሰው በእሷ ቃል ተማምኜ በሕዝብ ፊት አዋረድኩት፤ እሷ ደግሞ እሱን ለማዳን እኔን አሳልፋ ሰጠችኝ። ይህን ልላት ፈልጌ ነበር፤ ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነው። ‹‹ምን ላድርግ ታዲያ?›› አልኳት።

‹‹ሂጂና ይቅር በለኝ፣ አውፍ በለኝ በይው።››

ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እስካሁን አስባለሁ። እምቢ ማለት አልለመድኩም፤ ሰው ሲከፋብኝ ማደር አልችልም። አጎቴ ግቢው ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል። ጋቢውን አጣጥፎ ጎኑ አስቀምጦታል። ጉልበቱን ልስም ዝቅ ስል ትከሻዬን ይዞ ቀና አደረገኝ።

‹‹አብዬ፣ አውፍ በለኝ›› አልኩት።

‹‹አውፍ ብዬሻለሁ።›› ጎኑ አስቀመጠኝ። ሁለታችንም ወደ ተራራው ነበር የምናየው፣ ሌላ የሚታይ ነገር ስለሌለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ‹‹ውሃ አለ አለችሽ?›› አለኝ።

‹‹አዎ። ላባ ወድቆበታል አለችኝ።››

‹‹ያን ቀን ስትወርድ መጀመሪያ የነገረችኝ እሱን ነው። ከንፈሯ እንደረጠበ ነበር። ‹ጠጣሁ እኮ› አለችኝ፣ እየሣቀች።›› ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። ‹‹ማንም እንዲህ ያለ እህት የለውም፣ ልጄ።››

ይህን ሲለኝ ለአንድ አፍታ ነገሩ የሚቃና መሰለኝ። ነገ ሽማግሌው ጋ አብረን ብንሄድ፣ አንተ አንድ ቃል ብትናገር፣ የሚል ነገር ጀመርኩ። አጎቴ እጄን መታ መታ አደረገ፤ ወንዝ ሊያሻግረኝ ሲል አትፍሪ እያለ እንደሚያደርገው።

‹‹አይሆንም›› አለ። ‹‹ተናግራለች እኮ። አሁን እኔ ሌላ ብናገር እሷን ውሸታም አላደርጋትም? አንቺም ከእንግዲህ አትጻፊው። እሺ?››

‹‹እሺ›› አልኩት።

ሦስታችንም እናውቃለን ማለት ነው። እሱ ያውቃል፣ እሷ ታውቃለች፣ ሁለቱም አንዳቸው ለሌላቸው ሲሉ ዝም ይላሉ፤ ሰው ሁሉ ውሸት ተናገረች ብሎ የሚያስበው ግን እኔን ነው። መንገድ ላይ የጎረቤት ልጆች ሲያዩኝ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ‹‹ሰማን!›› አሉና ሮጡ።

እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

‹‹አውፍ አለሽ?››

‹‹አለኝ።››

‹‹አልሐምዱሊላህ›› አለችና ከልቧ ተነፈሰች። ገበታ አቀረበች። የምወደውን ሽሮ ሠርታለች፣ ቃሪያ በተለየ ሰሐን አድርጋልኛለች። እየበላን ያንኑ ‹‹አውፍ በይኝ›› የሚለውን ቃል ለእኔ እንድትለኝ ጠበቅሁ። ረጅም ነገር አልፈለግሁም፤ አንዲቷን ቃል ብቻ። ሁለት ጊዜ ልትናገር አፏን ስትከፍት አይቻለሁ፤ አንዱ ‹‹እንጀራ ልጨምርልሽ?›› ለማለት ነበር። ሰሐኑን ስታነሣ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ‹‹መኪናሽ መቼ ነው?›› ብላ ጠየቀችኝ።

‹‹ነገ›› አልኳት።

ነገ አልነበረም። ትምህርት ሊጀመር ገና ሳምንት ቀርቶት ነበር።